ሊኑክስ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ፦ የማሻሻል ልማድ ታሪክ ከ1991 እስከ 2025

ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አካላት የሚያዝና ሌሎች ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን መሠረት የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚስማማ ነው የሚል ዝና ካተረፈ ቆይቷል። ዝናው ከመሬት የተነሣ ባይሆንም፣ አዘውትሮ የሚሰጠው ምክንያት ግን ታሪኩን በሚገባ አያስረዳም። ስርዓቱ በባሕርዩ ቀላል ስለሆነ ብቻ አሮጌ ማሽንን የሚሸከም ቢሆን ኖሮ፣ ሊኑክስ በ1991 የተወለደበት ፕሮሰሰር በ2013 ከድጋፍ ባልወጣ፣ ሊኑክስን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አጣምረው ከሚያቀርቡት ቀደምት ስርጭቶች አንዱ የሆነው ዴቢያንም በ2025 የ32 ቢት፣ ማለትም ከዛሬዎቹ የ64 ቢት ማሽኖች የቀደመ ትውልድ የሆነ ኮምፒውተር ባለቤቶችን ወደ አዲሱ እትም እንዳይሻገሩ ባልመከረ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የአንድን ኮምፒውተር ዕድሜ የወሰነው፣ አሮጌውን ብረት ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር የማስታረቁን አድካሚ ሥራ የሚሸከም ሰው መገኘቱና አለመገኘቱ ነበር። ይህን ለመረዳት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን መከተል ያስፈልጋል፤ አንዱ ተጠቃሚው ከእትም ወደ እትም የሚሻገርበት መንገድ እንዴት እንደተሠራ ሲሆን፣ ሌላው የሚሻገረው ማሽን ሊያሟላ የሚገባው መስፈርት በየጊዜው እንዴት ከፍ እያለ እንደመጣ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ከፓች እስከ ፍሎፒ

በጥር 1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ያለው፣ በ33 ሜጋኸርዝ የሚሠራና 4 ሜጋባይት ራም፣ ማለትም የሥራ ማህደረ ትውስታ፣ የያዘ ኮምፒውተር ገዛ። ነሐሴ 25 ቀን በዚያው ዓመት አዲስ ስርዓተ ክወና እየጻፈ መሆኑን አስታወቀ፤ በመስከረምም 0.01 የተባለውን የመጀመሪያ እትም ለሕዝብ አቀረበ። ያ እትም ከርነል ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከርነል የሚባለው የስርዓቱ እምብርት የሆነውና ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። ኮዱ ከ386 ፕሮሰሰር ልዩ ባሕርያት ጋር በጥብቅ የተሳሰረ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበረው 286 ፕሮሰሰር ገና ከጅምሩ ውጭ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ሊኑክስ ሲወለድ የአሮጌ ማሽን መጠጊያ ሳይሆን፣ በጊዜው ጥሩ ከሚባሉት ማሽኖች አንዱን እስከ ጥጉ ለመጠቀም የተነሣ ሥራ ነበር።

ይሁንና ለደካማ ማሽን ቦታ የማመቻቸት ልማድም የጀመረው በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ነው። በዘመኑ ወደ አዲስ ከርነል መሻገር ማለት፣ ፓች የተባለውን፣ በአሮጌውና በአዲሱ ኮድ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ የያዘ ፋይል አግኝቶ ቀድሞ ባለው ምንጭ ኮድ ላይ መተግበር፣ ከዚያም ኮዱን በራስ ማሽን ላይ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚያስፈጽመው ትእዛዝ መለወጥ ነበር። ይህ ሥራ ራም ይፈልጋል፤ 2 ሜጋባይት ብቻ ያለው አንድ ጀርመናዊ ተጠቃሚ ከርነሉን ኮምፓይል ማድረግ እንደተሳነው ሲገልጽ፣ ቶርቫልድስ በ1991 የገና ሰሞን፣ በራም ውስጥ ለጊዜው የማይፈለገውን ክፍል ወደ ዲስክ አውጥቶ የሚያስቀምጥና ሲፈለግ የሚመልስ ኮድ ጻፈ። ስዋፕ የሚባለው ይህ ዘዴ በጥር 1992 በወጣው 0.12 እትም ውስጥ ተካተተ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ራም ያነሳቸው ማሽኖች በሊኑክስ ላይ ሊቆዩ የቻሉት በዚህ ዘዴ ሲሆን፣ ዘዴው የመጣውም አንድ ሰው ችግሩን በመናገሩና ሌላው ሥራውን በመሥራቱ ነው።

ከርነል ብቻውን ለተራ ተጠቃሚ የሚጠቅም ባለመሆኑ፣ ከአስፈላጊ ፕሮግራሞች ጋር አንድ ላይ ተጣምሮ የሚቀርብበት ስርጭት የተባለው አሠራር ወዲያው ተከተለ። በ1992 ኤስኤልኤስ የተባለው ስርጭት ወጣ፤ በሐምሌ 1993 ደግሞ ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ስላክዌርን በ24 ፍሎፒ ዲስኮች አቀረበ። እነዚህ ስርጭቶች መጫንን ከቀድሞው እጅግ ቀላል ቢያደርጉትም፣ መሻገርን ግን ችላ ብለውት ነበር ለማለት ይቻላል። አንዱ ፕሮግራም ለመሥራት የትኛውን ሌላ ፕሮግራም እንደሚፈልግ አገናዝቦ የሚያጣራ መሣሪያ ስላልነበራቸው፣ ብዙ ተጠቃሚዎች አዲስ እትም በወጣ ቁጥር የግል ፋይሎቻቸውንና ማስተካከያዎቻቸውን ወደ ፍሎፒ ገልብጠው፣ ዲስኩን አጽድተው፣ ሁሉንም ከሥር ጀምረው ይጭኑ ነበር።

የፓኬጅ መዝገብ መፈጠር

ነሐሴ 16 ቀን 1993 ኢያን መርዶክ የተባለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በነበሩት ስርጭቶች ጥራት ባለመርካቱ፣ ዴቢያን የተባለ አዲስ ስርጭት መጀመሩን አስታወቀ። ከዴቢያን ጋር ያደገው ዲፒኬጂ የተባለው መሣሪያና በ1995 በሬድ ሃት ስርጭት ውስጥ የታየው አርፒኤም፣ ሁለቱም ያረፉት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፓኬጅ በሚባል ጥቅል ውስጥ ይቀመጣል፣ ጥቅሉ ከፋይሎቹ በተጨማሪ ስሙን፣ የእትሙን ቁጥርና ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ሌሎች ጥቅሎች ዝርዝር ይይዛል፣ በማሽኑ ላይም የተጫነው ሁሉ የሚመዘገብበት መዝገብ ይኖራል። መዝገቡ በመኖሩ መሣሪያው አሮጌውን ፋይል ከአዲሱ ለይቶ መተካት፣ የማያስፈልገውንም ማንሣት ቻለ። ከዚህ በኋላ ማሻሻል ማለት ማፍረስና እንደገና መሥራት መሆኑ ቀረ።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ መመልከት፣ ይህ ልማድ ከሌሎች ስርዓቶች የተለየበትን ምክንያት ያሳያል። ዲፒኬጂ አዲስ ፋይል ሲያወጣ በአሮጌው ላይ በቀጥታ አይጽፍበትም፤ መጀመሪያ «ዲፒኬጂ-ኒው» የሚል ቅጥያ በታከለበት ስም አጠገቡ ያስቀምጠዋል፣ ጽሑፉ ተሟልቶ ሲያበቃም በአንድ እርምጃ ስሙን ወደ ትክክለኛው ስም ይለውጠዋል። ሊኑክስ ከዩኒክስ በወረሰው ባሕርይ መሠረት የፋይል ስምና የፋይሉ ይዘት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው፣ አሮጌውን ፋይል ከፍቶ በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም ስሙ ቢወሰድበትም ይዘቱን እስኪዘጋ ድረስ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ በሥሩ ያለው ስርዓት ይለወጣል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት በግድ የሚያስፈልገው በዋናነት ከርነሉ ራሱ ሲቀየር ነው። ተጠቃሚው በእጁ ያስተካከለው የውቅር ፋይል ሲያጋጥመው ደግሞ መሣሪያው ቆሞ ይጠይቃል፤ «ዲ» የሚለው ፊደል ሲመረጥ የሁለቱን ፋይሎች ልዩነት መስመር በመስመር ያሳያል፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይመርጥ ኢንተርን ቢጫን ደግሞ የቀድሞው ፋይል እንዳለ ይቀራል። ለዓመታት የተጠራቀመ የአንድ ማሽን ማስተካከያ ከእትም ወደ እትም ሊሻገር የቻለው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

መንገዱ በሁለት ትልልቅ ለውጦች ተፈተነ። የመጀመሪያው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ፕሮግራሞች በዲስክ ላይ የሚቀመጡበት ኤ-አውት የተባለው ቅርጽ ኤልፍ በተባለው ቅርጽ የተተካበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ሊብሲ የተባለውን፣ ከሞላ ጎደል ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጋሩትን መሠረታዊ ላይብረሪ፣ ማለትም የጋራ ኮድ ስብስብ፣ የነካ ነበር። በሐምሌ 1998 የወጣውና ሃም የሚል የእትም ስም የነበረው ዴቢያን 2.0 ከአምስተኛው ሊብሲ ወደ ስድስተኛው ሲሻገር፣ ቅደም ተከተሉ ቢዛነፍ ፓኬጅ የሚጭነው መሣሪያ ራሱ መሥራት ያቆም ነበር፤ በዚህም የተነሣ ጥቅሎቹን በትክክለኛው ተራ የሚጭን «አውቶአፕ» የተባለ ስክሪፕት ተዘጋጅቶ ለተጠቃሚዎች ቀረበ። ሁለቱ ላይብረሪዎች በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን እንዲኖሩ በመደረጉም አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ወዲያው አልተጣሉም።

ይህን ቅደም ተከተል የማስላቱን ሥራ ከሰው ትከሻ ያወረደው አፕት የተባለው መሣሪያ ነው። መጋቢት 9 ቀን 1999 በወጣውና ስሊንክ በተባለው ዴቢያን 2.1 ውስጥ የተካተተው አፕት፣ ወደ 2,250 ገደማ ከነበሩት ጥቅሎች መካከል የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ራሱ አስልቶ፣ የሚፈለገውን ከሲዲ ወይም ከኢንተርኔት አውርዶ ይጭን ነበር። ተጠቃሚው የሚጠበቅበት ጥቅሎቹ የሚመጡበትን ምንጭ በሚዘረዝረው ፋይል ውስጥ የአሮጌውን እትም ስም በአዲሱ መተካትና ሁለት ትእዛዛትን መስጠት ብቻ ሆነ። አንድ ጊዜ የተጫነ ስርዓት በተከታታይ እትሞች ውስጥ፣ ከሥር ሳይጫን፣ ለዓመታት ሊኖር ይችላል የሚለው የዴቢያን ተጠቃሚዎች ኩራት ከዚህ የተነሣ ነው።

የመስፈርቱ ከፍ ማለት

የመሻገሪያው መንገድ እየተስተካከለ በሄደበት ወቅት፣ የሚያልፈው ማሽን የሚጠየቀው ነገር እየጨመረ ሄደ። በጥቅምት 2004 በማርክ ሻትልወርዝ ገንዘብ የተመሠረተው ኡቡንቱ የመጀመሪያ እትሙን ሲያወጣ፣ ሊኑክስ ከባለሙያዎች ክበብ ወጥቶ ወደ ተራው ተጠቃሚ ጠረጴዛ መድረስ ጀምሮ ነበር። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ማውጣትን፣ ከ2006 ጀምሮም ረዘም ላለ ጊዜ የሚደገፉ እትሞችን ማቅረብን ልማድ አደረገ፤ እስከ 2011 ድረስም ሲዲውን በፖስታ በነፃ ወደ ተለያዩ አገሮች ይልክ ነበር። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2011 ኡቡንቱ ዩኒቲ የተባለውን ገጽታ መደበኛው ሲያደርግና በዚያው ወር ግኖም 3 ሲወጣ፣ መስኮቶችንና ምናሌዎችን የሚያሳየው የዴስክቶፕ ገጽታ የግራፊክስ ካርድ ጉልበትን አብዝቶ የሚጠይቅ ሆነ። ከርነሉ አሥር ዓመት በሆነው ማሽን ላይ ያለ ችግር እየሠራ፣ ከላዩ ያለው ገጽታ ግን ማሽኑን የሚያንቀራፍፍበት ሁኔታ ተፈጠረ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር መልስ የሆኑት ሁሉ፣ ቀደም ብለው የተጀመሩትም ጭምር፣ የተለዩ ሰዎች ሥራ ውጤቶች ናቸው። ባሪ ካውለር የተባለው አውስትራሊያዊ በ2003 የጀመረው ፓፒ ሊኑክስ፣ ስርዓቱን በሙሉ ወደ ራም ጭኖ ዲስኩ ቀርፋፋ የሆነን ማሽን ፈጣን ያደርግ ነበር፤ ዳም ስሞል ሊኑክስ የተባለው ደግሞ ራሱን በ50 ሜጋባይት ወስኖ ለ486 ዘመን ማሽኖች ሳይቀር ቦታ ሰጠ። ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስዲኢ የተባሉት ቀለል ያሉ ገጽታዎች ዙቡንቱና ሉቡንቱ በተባሉት የኡቡንቱ ዝርያዎች አማካይነት ተስፋፉ። በሚያዝያ 2014 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ሲያቆም፣ ኮምፒውተራቸውን መጣል ያልፈለጉ ሰዎች ያገኙት አማራጭ በእነዚህ ሥራዎች የተዘጋጀው ነው።

መስፈርቱ ከፍ ሲል የሚፈጥረውን ችግር በጉልህ የሚያሳየው የፒኤኢ ጉዳይ ነው። ፒኤኢ የ32 ቢት ፕሮሰሰር ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም እንዲያይ የሚያስችል፣ በ1995 ከፔንቲየም ፕሮ ጋር የመጣ ባሕርይ ነው። ኡቡንቱ በ2012 ባወጣው 12.04 እትም ዋናውን የ32 ቢት ከርነል ይህን ባሕርይ በግድ እንዲጠይቅ አደረገው። በ2003 አካባቢ በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የነበረው የመጀመሪያው ፔንቲየም ኤም ፕሮሰሰር ባሕርዩ ነበረው፤ ነገር ግን ከርነሉ ሲጠይቀው «አለኝ» ብሎ አያስታውቅም ነበር፤ ስለዚህ ለማሻሻል የሞከረው ተጠቃሚ ማሽኑ ብቁ ሆኖ ሳለ ፕሮሰሰሩ እንደማይመጥን የሚገልጽ መልእክት ብቻ ያገኝ ነበር። መፍትሔው በ2014 በ14.04 እትም መጣ፤ ተጠቃሚው ማሽኑ ሲነሣ «ፎርስፒኤኢ» የሚለውን ቃል በከርነሉ የማስነሻ መስመር ላይ ቢጨምር፣ ከርነሉ የፕሮሰሰሩን ዝምታ አልፎ ይነሣል። በአንድ ቃል የሚታለፍ እንቅፋት ሁለት ዓመት የቆየው፣ ችግሩን መርምሮ ኮዱን የሚጽፍለት ሰው እስኪገኝ ድረስ በመጠበቁ ነው።

አማርኛም በዚህ የመስፈርት ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። በየካቲት 2009 የወጣው ሌኒ የተባለው ዴቢያን 5.0፣ መጫኛ ፕሮግራሙ በ63 ቋንቋዎች እንዲሠራ ሲያደርግ በዚያ እትም ከተጨመሩት አምስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ሆኖም ከ63ቱ ውስጥ 13ቱ፣ አማርኛን ጨምሮ፣ የሚታዩት በሥዕላዊው የመጫኛ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ቀለል ያለው በጽሑፍ ብቻ የሚሠራው ገጽ እነዚህን ፊደላት ለማሳየት አልተመቸም። ሥዕላዊው ገጽ ከጽሑፉ ገጽ ይልቅ ብዙ ራም ስለሚፈልግ፣ እጅግ አነስተኛ ራም ባለው ማሽን ላይ ስርዓቱን የሚጭን ሰው ሥራውን በሌላ ቋንቋ እንጂ በአማርኛ ለማካሄድ አይችልም ነበር። የማሽን መስፈርት የቋንቋ መስፈርትም ሊሆን እንደሚችል ይህ እትም ያሳያል።

የድጋፍ መቋረጥ

በታኅሣሥ 2012 ኢንጎ ሞልናር የተባለው የከርነል አዘጋጅ የ386 ፕሮሰሰርን ድጋፍ የሚያነሣ ለውጥ አቀረበ፤ ቶርቫልድስም የመጀመሪያ ማሽኑ ዓይነት መሆኑ ሳያሳስበው ተቀበለው፤ ለውጡ በየካቲት 2013 በወጣው 3.8 እትም ላይ ተግባራዊ ሆነ። ምክንያቱ የሥራ ጫና ነበር። የ386 ፕሮሰሰር በ486 ላይ የመጡና ብዙ ፕሮሰሰሮች አንድ መረጃ ሳይጋጩ እንዲጋሩ የሚረዱ ትእዛዛት ስለሌሉት፣ አዘጋጆቹ ይህን የኮዱን ክፍል በነኩ ቁጥር ለ386 ብቻ የተለየ መንገድ ማበጀት ይገደዱ ነበር። አዲስ ከርነል በ386 ላይ የሚሞክር ሰው ከሞላ ጎደል በጠፋበት ጊዜ፣ ያ የተለየ መንገድ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ አልነበረም፤ ያልተሞከረ ኮድ ደግሞ ድጋፍ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ተመሳሳይ ስሌት ስርጭቶቹን ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ገፋቸው። ዴቢያን በ2017 ባወጣው ዘጠነኛ እትም ከፔንቲየም ፕሮ በፊት ለነበሩ ፕሮሰሰሮች ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቆመ፤ በዚያው ዓመት አርክ ሊኑክስ 32 ቢትን ሲተው፣ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች አርክ ሊኑክስ 32 በሚል ስም ሥራውን ተረከቡት። ፌዶራ በ2019 የ32 ቢት ከርነሉን ተወ። ኡቡንቱ በዚያው ዓመት በሰኔ የ32 ቢት ጥቅሎችን በሙሉ እንደሚያስወግድ ሲያስታውቅ፣ ከጨዋታ ተጠቃሚዎችና ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር ባለቤት ከሆነው ከቫልቭ ኩባንያ በተነሣው ተቃውሞ ምክንያት የተመረጡ ጥቅሎችን ለማቆየት ተገደደ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ተቃውሞው የተነሣው ለአሮጌ ኮምፒውተሮች ሳይሆን በአዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ለሚሠሩ አሮጌ ፕሮግራሞች መሆኑ ነው፤ የተረፈውም እነርሱን የሚጠቅመው ክፍል ነው።

ይህ ልዩነት በነሐሴ 2025 በወጣው፣ ትሪክሲ በተባለው ዴቢያን 13 ላይ ደንብ ሆኖ ጸና። አይ386 የሚል ስም የያዘው የ32 ቢት አርክቴክቸር፣ ማለትም ጥቅሎቹ የተሠሩለት የፕሮሰሰር ዓይነት፣ ከርነልና መጫኛ የማይቀርብለት ሆኖ፣ በ64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ የቆዩ ፕሮግራሞችን ለማስኬድ ብቻ እንዲያገለግል ተወሰነ። በ2038 የ32 ቢት የጊዜ ቆጠራ ሞልቶ እንደሚያበቃ ስለሚታወቅ ሌሎቹ የ32 ቢት አርክቴክቸሮች ወደ 64 ቢት ቆጠራ ሲሸጋገሩ፣ አይ386 ግን የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉበት በቀድሞው ቆጠራ ተተወ። የእትሙ መግለጫ የ32 ቢት ስርዓት ያላቸው ተጠቃሚዎች ወደ ትሪክሲ እንዳይሻገሩ፣ ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ ስርዓቱን በ64 ቢት ከሥር ጀምረው እንዲጭኑ፣ ካልሆነም ማሽኑን ከአገልግሎት እንዲያወጡ ይመክራል። ከሥር መጫንን ሊያስቀር የተነሣው ስርጭት ለእነዚህ ማሽኖች መልሶ ያንኑ ምክር ሰጠ፤ የቀድሞው እትም የረዥም ጊዜ ድጋፍ እስከ ሰኔ 2028 ስለሚዘልቅ ግን ባለቤቶቹ ለመወሰን ጊዜ አላቸው።

ከዚህ ታሪክ አሮጌ ኮምፒውተር ለያዘ ሰው የሚጠቅም መለኪያ ይገኛል። ለአንድ ማሽን ስርጭት ሲመረጥ፣ ስርጭቱ ምን ያህል ራም እንደሚፈልግ መጠየቅ ተገቢ ቢሆንም፣ መልሱ የሚያገለግለው ለዛሬ ብቻ ነው። ማሽኑ ከሁለትና ከሦስት እትም በኋላም መሻገር ይችል እንደሆነ የሚያሳየው፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት በስርጭቱ ውስጥ ማን እየሞከረና እያስተካከለ እንዳለ፣ ይህንንም እስከ መቼ ለማድረግ ቃል እንደገባ ማወቅ ነው። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ሥራውን እንዳይቀጥል የሚከለከል የለም፤ አርክ ሊኑክስ 32 እንዳሳየው፣ ዋናው ስርጭት የተወውን ሌሎች ሊያነሡት ይችላሉ። ኮዱ የተለቀቀበት ፈቃድ መብቱን ሰጠ እንጂ ሠራተኛውን አላቀረበም፤ በዚህም የተነሣ በሊኑክስ ዓለም የአሮጌ ኮምፒውተር ዕድሜ በሰዎች የጉልበት መዋጮ የሚለካ ሆኖ ቆይቷል።